ናኖቪኤንኤ፦ ከ9 ወር የሃንጋር አገልግሎት በኋላ

ቨርጂኒያ ውስጥ በራሴ እጅ የምሠራው አውሮፕላን በርት ሩታን የነደፈው ሎንግ-ኢዚ ነው። አካሉ ከፎምና ከፋይበር ግላስ ስለሚሠራ የሬዲዮ አንቴናው ከውጭ መተከል አያስፈልገውም፤ ከመዳብ ቴፕ ተቆርጦ በክንፉ ጫፍ ቀጥ ብሎ በሚቆመው ዊንግሌት ውስጥ ይቀበራል። ፋይበር ግላሱን የሚያጣብቀው ሙጫ፣ ኢፖክሲው፣ አንዴ ከደረቀ ደግሞ ርዝመቱን ማስተካከል አይቻልም። ከ9 ወር በፊት ናኖቪኤንኤ የተባለውን ይህን በእጅ የሚያዝ የአንቴና መለኪያ የገዛሁት በዚህ ስጋት ነው።

መሣሪያው ወደ አንቴናው ደካማ ምልክት እየላከ ምን ያህሉ እንደሚመለስ በየድግግሞሹ ያሳያል። የአቪዬሽን የድምፅ ሬዲዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ስለሚሠራ፣ በዚህ ሁሉ ስፋት ኤስ ደብሊው አሩ (የሚመለሰውን ኃይል የሚገልጸው ቁጥር፤ ባነሰ መጠን ይሻላል) ከ2 እንዳይበልጥ ፈለግሁ፤ 2 ሲሆን ከተላከው ኃይል 11 በመቶ ያህሉ ይመለሳል፣ 3 ሲሆን ግን ሩቡ።

የአንቴናውን እያንዳንዱን ክንድ 57 ሳንቲ ሜትር አድርጌ በፎሙ ላይ ስለጥፈው የኤስ ደብሊው አሩ ዝቅተኛው ነጥብ 125 ሜጋኸርዝ ላይ ዐረፈ። ይህን አምኜ ብቀብረው ኖሮ እሳሳት ነበር። በትርፍ ፎም ላይ አምሳያውን ሠርቼ በሁለት ድርብ ፋይበር ግላስ ሸፈንኩትና በማግስቱ ስለካው ነጥቡ ወደ 121 ወርዶ አገኘሁት፤ ሽፋኑ አንቴናውን የረዘመ ያህል ያደርገዋልና። በሁለተኛው ሙከራ ክንዱን 54.5 ሳንቲ ሜትር ሳደርገው ነጥቡ 127 ግድም ላይ ቆመ፤ በዊንግሌቱ ውስጥ የቀበርኩትም በዚሁ ልክ የተቆረጠውን ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ሬዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘውን ገመድ ጉድለት ሲያጋልጥልኝ ነው። ከአብራሪው ወንበር በኩል ስለካ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ዝቅ ብሎ፣ ያለ አንዳች ጎድጓዳ ታየ። እንዲህ ያለ ውበት ያጠራጥራልና አንቴናውን ከገመዱ ነቀልኩት፤ ኃይሉ ሁሉ ተመልሶ ንባቡ ሽቅብ መተኮስ ሲገባው ከ2 ብዙም አላለፈም። ከአሮጌ አውሮፕላን የወጣው ያ ገመድ እርጥበት ገብቶት ኃይሉን በመንገድ እየበላው ኖሯል። አርጂ-400 በተባለ ገመድ ተክቼው ችግሩ ተወገደ። ስለዚህ መለኪያውን በሦስቱ መመዘኛ ጫፎች፣ ማለትም በክፍት፣ በአጭር (እርስ በርስ በተገናኘ) እና በ50 ኦም ጫፍ፣ ሳላስተካክል፣ ገመዱንም አንቴናው ተነቅሎ ሳልፈትሽ የትኛውንም ቁጥር አልቀበልም።

ጉድለቶቹን አልደብቅም። ስክሪኑ በፀሐይ ብርሃን አይነበብም፤ የሃንጋሩን በር መዝጋት ግድ ይላል። ገመድ የሚገጠምበት የኤስኤምኤ ማገናኛው ደቃቃ ስለሆነ ደጋግሞ ማሰርና መፍታት ያላላዋል፤ ተለቅ ወዳለው የቢኤንሲ ማገናኛ የሚቀይረውን አጭር ገመድ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከላዩ ላይ አልነቀልኩትም። የአውሮፕላኑን ሬዲዮ በስህተት ከዚህ መለኪያ ጋር አገናኝቶ የንግግር ቁልፉን መጫን ደግሞ መሣሪያውን ያቃጥላል።

የእኔው ሞዴል እስከ 1.5 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ከ300 ሜጋኸርዝ በላይ የሚለካው በሃርሞኒክ (በዋናው ምልክት ድግግሞሽ ብዜቶች) በመሆኑ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ1090 ሜጋኸርዝ ለሚያስተላልፈው ትራንስፖንደር (ለራዳር ጥያቄ መልስ ለሚሰጠው መሣሪያ) የማገናኛ ብልሽት ለማግኘት እንጂ አንቴናውን በሚሊሜትር ለመቁረጥ አልተጠቀምኩበትም። ለድምፅ ሬዲዮው ግን ዛሬም ቢሆን ያለ ማመንታት እገዛዋለሁ።