ማደር ወይስ ውሎ መመለስ? ቅርባችን ስላለው አዲስ የውሃ ዳር ሪዞርት

የቀን መግቢያ ከፍሎ መዋል ይረክሳል። ሻንጣ የለም፣ ማታ በራስ አልጋ ነው። ግን የሚደርሳችሁ ግርግሩ ነው፤ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል፣ ገንዳው ይጨናነቃል።

ማደር የሚሰጠው ጠዋቱን ነው። ጎህ ሲቀድ ነፋሱ ጋብ ካለ ውሃው መስታወት ይመስላል። ወፎቹም ያኔ ነው የሚንጫጩት። ለእኔ ገንዘብ የሚወጣው ለዚህ ነው! ብቻ ልብ በሉ፦ ክፍል የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት፣ የሚለቀቀው ከቀትር በፊት ነው። አንድ አዳር ሙሉ ቀን አይሆንም፤ ሁለት አዳር ግን አንድ ያልተሸራረፈ ቀን ይሰጣል።

አዲስ ቦታ ላይ ዛፎቹ ገና ጥላ አይጥሉም፣ ግንባታውም ላያልቅ ይችላል። ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያ ውላችሁ እዩት። ከወደዳችሁት በሥራ ቀናት ሁለት ሌሊት ያዙ፤ ክፍሉ ከውሃው ምን ያህል እንደሚርቅም ጠይቁ። ግቢው ሰፊ ከሆነ ልጆች ይዞ መመላለስ ያደክማል።