ከፍራንክፈርት ኤርፖርት በባቡር ለምትቀጥሉ ሁሉ፣ ይህቺን ትኬት ቆራጭ ልጅ አናግሯት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እኔ መጻፍ ብዙም አልወድም፣ ግን ይሄን ዝም ብል እግዜርም አይወደው።

እማዬን ከአዲስ አበባ ኮሎኝ ሳመጣት ይሄ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ጉድ ነበር። አብረን ነበር የመጣነው። ትኬት የቆረጥንበት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ አውሮፕላኑ ባረፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚነሳ ባቡር ያዘልን። "ይደርሳል ወይ?" ብዬ ጠይቄያለሁ። "ኧረ በደንብ!" ተባልኩ። ሰውዬው በሕይወቱ ሻንጣ ጠብቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚሰለፈው ከአውሮፓውያኑ ጋር አይደለም፣ ሰልፉም በቀላሉ አያልቅም። ከዚያ ሻንጣ። በርበሬና ሽሮ ያለበት ደግሞ ሁሌ መጨረሻ ነው የሚመጣው።

ኤርፖርቱ ሁለት ባቡር ጣቢያ እንዳለውም የነገረን የለም። ከተርሚናል 1 ስር ያለው፣ ከ1 እስከ 3 ቁጥር ሐዲድ፣ የቅርብ አገር ባቡር ነው። ወደ ኮሎኝ የሚበረው ፈጣኑ ባቡር፣ አይሲኢ የሚሉት፣ የሚነሳው ከወዲያኛው፣ ከ4 እስከ 7 ካለው ነው። እኛ እታች ቆመን እናፈጣለን። ለነገሩ ባቡራችን ያኔ ሄዷል። ትኬቱ ርካሹ ነበር፣ ለዚያች ባቡር ብቻ የሚሠራ። ያዘገየን ባቡር ስላልሆነ ሕጉ አይምርም፣ በሙሉ ዋጋ እንደገና ገዛሁ። እማዬ ሻንጣ ላይ ቁጭ ብላ "በኔ ምክንያት ነው" ስትል አልረሳውም። ደውዬ ስጮህባቸው "እኛ ምን እናድርግ" ነው ያሉኝ።

ዘንድሮ የዕቁብ ጓደኛዬ ወደዚህች ልጅ መራችኝ። ትኬት ቆራጭ ናት፣ የኛው ሰው። ገና ዋጋ ሳትነግረኝ "እማማ ጉልበታቸው እንዴት ነው? ስንት ሻንጣ ይዘዋል? ብቻቸውን ናቸው?" አለችኝ። ማንም ይሄን ጠይቆኝ አያውቅም። ዊልቸሩን ከ48 ሰዓት በፊት አስያዘች። የባቡሩን ትኬት አንድ ነገር አደረገችው፣ አልገባኝም፣ ብቻ በዚያ ቀን በተገኘው ባቡር የሚያስኬድ ሆነ። ትንሽ ወደድ ይላል። ይበል!

ታዲያ አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት አይዘገይ መሰላችሁ? መውጫው ላይ ቆሜ ሆዴ ሲንቦጫቦጭ ስልኬ ጠራ። እሷ ናት። እሁድ ጠዋት! ከኋላዋ ቅዳሴ ይሰማኛል። "አውሮፕላኑን እያየሁት ነው እህቴ፣ አይዞሽ፣ ባቡር ሞልቷል። ሲወጡ መጀመሪያ ሻይ ጋብዣቸው፣ እንዳትሮጡ" አለችኝና ተመልሳ ገባች። ከቅዳሴ ወጥታ እኮ ነው! ለስንት ዩሮ ትርፍ?

እማዬ በዊልቸር እየተገፋች፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደ ሙሽራ ወጣች። ሻያችንን ጠጥተን ተሳፈርን። ድሬዳዋ ያደገች ሰው ናት፣ ባቡር ማለት ለሷ ያ ድሮ ለገሃር ይገባ የነበረው ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ስክሪን በሰዓት 300 ኪሎሜትር ሲል "ይቺስ አላበዛችውም?" አለችኝ።

መመለሻውንም እሷው ናት የያዘችልን። "ስትመጡ ቢያመልጣችሁ ባቡር ነው፣ ስትሄዱ ቢያመልጣችሁ አውሮፕላን ነው" ብላ፣ አንዱ ቢሰረዝ የሚቀጥለውም በሰዓቱ የሚያደርሰንን መረጠች። መቀየሪያ የለው፣ ቀጥታ። ከዋናው ጣቢያ ሳይሆን ከራይን ወንዝ ማዶ፣ ከዶይትስ እንደሚነሳም ሁለቴ ደውላ አስታወሰችኝ። እኔማ ብተወው ዋናው ጣቢያ ነበር የምገተረው።

እባካችሁ እናት አባት የምታስመጡ፣ እሷን አናግሩ። ስልኳን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ በሉኝ እሰጣችኋለሁ። እማዬ ከበርበሬው ግማሽ ኪሎ ለይታ ቋጥራላታለች፣ ቅዳሜ ይዤላት እሄዳለሁ።