ሐረጎ ላይ የበራችው ቀይ መብራት፣ ቮልስ ይዤ ስምንት ወር

ቮልሷን ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። በፈረንጅ 1969 የተሠራች 1300 ናት። ደላላው ሲያሻሽጠኝ «ወንድሜ ይቺ ራዲያተር የላት፣ ውሃ የላት፣ ምኗ ይበላሻል?» ነበር ያለኝ። አንተ ሰውዬ ዛሬ ባገኝህ ምኗ እንደሚበላሽ በጣቴ አሳይህ ነበር።

ከሷ በፊት የምነዳው የሚስቴን ወንድም ላዳ ነው፣ 2101 የምትባለዋን፣ ያው ፊያት 124ን ወስደው ሶቪየቶች አጠንክረው የሠሯት። ወረቀት ላይ ላዳ ትበልጣለች፣ ክርክር የለውም። የኔዋ 1285 ሲሲ ሆና 40 ፈረስ ጉልበት ነው ያላት፣ ላዳ በ1198 ሲሲ ከ60 ታልፋለች። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚህ አየሩ ስለሚሳሳ የድሮ ካርቡሬተር ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ከ40ው ሩቡ ሲቀነስ ምን እንደሚተርፈኝ እናንተው አስሉት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የምወጣው በሁለተኛ ማርሽ ነው፣ ኋላዬ አይሱዙ ክላክስ እየነፋብኝ። ግን ወላሂ ስድስት ወር ሙሉ ቅር አላለኝም፣ ምክንያቱም ላዳዋ ዳገቱ መሀል ፈልታ የሚስቴ ወንድም ጀሪካን ይዞ ሲቆም እኔ በቀስታም ቢሆን አልፌው እሄዳለሁ።

ነሐሴ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራች። ላዳ ላይ የለመድኩት ቀይ ማለት ባትሪ አይሞላም ማለት ነው፣ ሙቀቱን ለብቻው ጌጁ ይነግርሃል። ባትሪው ደሴ ያደርሰኛል ብዬ ነዳሁ። ቮልስ የሙቀት ጌጅ የሚባል ነገር የላትም! ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፣ ጉልበቷ እየከዳት መጣ፣ ቆሜ የኋላ ኮፈኑን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ለበለበኝ፣ ችንጋው፣ ማለት የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ ተበጥሶ እንደ ሞተ እባብ ሥር ወድቋል።

ለካ ያ አንድ ችንጋ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ብቻ አይደለም የሚያዞረው፣ ሞተሩን በአየር የሚያቀዘቅዘው ፋን እዛው ዲናሞ ዘንግ ላይ ነው የታሰረው። ላዳም ችንጋዋ ቢበጠስ የውሃ ፓምፑ ይቆማል፣ ግን መርፌው ወደ ቀዩ ሲሄድ ታያለህ።

ተጎትታ ደሴ ስትደርስ ሽማግሌው መካኒክ ገና ሳይፈታት «አንተ ልጅ፣ ቀይ ስትበራ አንድ ሜትር አትነዳም» ብሎ ተቆጣኝ። የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ተቃጥሏል። በዚህ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን አየር ስለሚጋርድበት መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው አለኝ። ከዚያ ፑሊውን፣ ችንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ አሳየኝ። ሁለት ግማሽ ነው፣ መሀሉ ስስ ስስ ቀለበቶች ይገባሉ፣ ችንጋው ሲላላ አንዱን ከመሀል አውጥተህ ከውጭ በኩል ብሎኑ ሥር ታስረዋለህ እንጂ አትጥለውም። ችንጋውን በአውራ ጣት ስትጫነው አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል መግባት አለበት። የኔዋ መሀሉ የቀሯት ሁለት ቀለበት ብቻ፣ ከውጭ ምንም፣ ችንጋው እንዴት ተወጥሮ እንደነበር አስቡት፣ ብትነካው አምባሰል የሚወጣው ክራር ነው የሚሆነው።

ልሸጣት ነበር፣ እውነቴን ነው። ሁለት ሳምንት ተመልሼ ላዳ ነዳሁ፣ ትሮጣለች፣ ፍሬኗም ደህና ነው፣ ግን የሰፈራችን ጭቃ ላይ እንደለመደችው ጎማዋን እያሽከረከረች ቀረች። ቮልሷ ሞተሯ የኋላ ጎማዎቿ ላይ ስለተቀመጠ ያን ጭቃ ሳትሰማው ነው የምታልፈው። ተሠርታ ስትወጣ ያንን ድምጿን ስሰማ ንዴቴም በረደ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ።

አሁን ሁለት ትርፍ ችንጋና ፑሊውን የምፈታበት ባለ 21 ቁጥር መፍቻ ከፊት ኮፈኑ ሥር አይጠፉም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ችንጋውን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ደላላው፣ ይህን ካነበብክ፣ ቀሪዎቹን ቀለበቶች አንተ ጋ ወይ ባለቤቱ ጋ ካሉ ላክልኝ፣ ሌላውን ይቅር ብዬሃለሁ።