በቴምዝ ላይ፦ የጥንቱ የጎርፍ መልቀቂያና ባለ ሁለት በሩ ሎክ

በእንግሊዙ ቴምዝ ወንዝ ጀልባ ግድብን የሚያልፈው በሁለት መንገድ ነበር። በጥንቱ ዘዴ ከግድቡ ክፍተት ሳንቃዎቹ፣ ቀጥሎም ቋሚ እንጨቶቹ ተነቅለው ውሃው ይለቀቃል። ወራጁ ጀልባ ከጎርፉ ጋር ይወርዳል፤ ወጪው በገመድ ይጎተታል። ለመሥራት ርካሽ ነው፤ ግን የተጠራቀመው ውሃ ያልቃል፣ ወፍጮ ይቆማል፣ ጀልባም ይገለበጣል።

ሁለተኛው መንገድ ሎክ ነው፤ ይህም በሁለት በሮች መካከል ውሃው ከፍና ዝቅ የሚደረግበት የጀልባ ገንዳ ነው። በኦክስፎርድ አጠገብ ባሉት በኢፍሊና በሳንድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ተሠራ። በአንድ ማሳለፍ የሚፈሰው የአንድ ገንዳ ውሃ ብቻ ስለሆነ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። አደጋ ግን አለው። በገንዳው ውስጥ ሲወርዱ የጀልባውን ገመድ ከዳር አጥብቀው ካሰሩት ጀልባው ተንጠልጥሎ ይቀራል። የኋላው ጫፍ በላይኛው በር ሥር ባለው ደፍ ላይ ካረፈ ደግሞ አፍንጫው ይዘቀዘቃል፤ ያኔ የታችኛውን የውሃ መልቀቂያ ወዲያው ዘግቶ ከላይ ውሃ ቀስ እያሉ መመለስ ነው።