ወደ ሙናር የሻይ ተራሮች፦ አውቶብስ፣ ኮንትራት ታክሲ፣ ባጃጅ ወይስ ጂፕ?

ሙናር በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ግዛት ኢዱኪ ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ለአዲስ አበባ ሰው ከፍታዋ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ወደ ቆላ የወረደ ያህል ነው። የሚፈትነው መንገዱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ባቡርም አይደርስባትም። በእንግሊዞች ዘመን ለሻይ ጭነት የተዘረጋውን የኩንዳላ ሸለቆ ሐዲድ በ1924 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ጠርጎት ሄደ፤ ተመልሶ አልተሠራም። ስለዚህ ከየትም ይነሡ ከየት፣ የመጨረሻውን መንገድ የሚጨርሱት በጎማ ነው።

ተጓዦች አብዛኛውን ጊዜ ሲከራከሩ የሚውሉት ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሙናር ባለው ዋጋ ላይ ነው። ያ ግን አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው። ኪስ የሚጎዳው ከደረሱ በኋላ በየቀኑ የሚከፈለው ኪራይ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚወስነው ሆቴሉ በየትኛው አቅጣጫ እንዳለ ነው። መኪና ከመያዝዎ በፊት ካርታ ይክፈቱ።

በየት በኩል መግባት ይሻላል?

| መነሻ | ርቀት | የተለመደ ጊዜ | ልብ የሚሉት |
|---|---|---|---|
| ኮቺ አውሮፕላን ማረፊያ | ወደ 110 ኪ.ሜ | 4 ሰዓት ገደማ | ታክሲም አውቶብስም ይገኛል |
| ኮይምባቶር | ወደ 160 ኪ.ሜ | ከ4 እስከ 5 ሰዓት | የቺናር ጥብቅ ደን ኬላ ማታ ይዘጋል |
| ማዱራይ | ወደ 155 ኪ.ሜ | ከ4 እስከ 5 ሰዓት | ቦዲሜቱ ላይ ወደ ኋላ የሚታጠፉ 17 ጠባብ እጥፋቶች አሉ |

ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ዶሃ ያለ ሰው ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ኮቺ የሚሄደው ቀጥታ በረራ ብዙ ነው፤ የኬረላ ሰው ግማሽ ዘመዱ እዚያ ነውና። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሙምባይ፣ ዴልሂ፣ ቤንጋሉሩ ወይም ቼናይ ገብቶ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ኮቺ ይቀጥላል፤ አለዚያም በባሕረ ሰላጤው በኩል ይዞራል። ለሕክምና ቤንጋሉሩ ወይም ቼናይ የመጣና ጥቂት ቀን የተረፈውም ሰው በዚያው ኮቺን መነሻ ቢያደርግ ይቀለዋል። ባለፉት ስድስት ቀናት ኢትዮጵያ የነበረ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን በእጁ ይያዝ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ካርድ የሌለው ሰው ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ የተከፈለው ታክሲም የተያዘው ሆቴልም ይቀልጣል።

ኮይምባቶርና ማዱራይ በታሚል ናዱ ግዛት ውስጥ ናቸው። ከዚያ የሚነሣ ታክሲ ወደ ኬረላ ሲሻገር የድንበር ፈቃድ ሊከፍል ይችላል። ዋጋው ይህን ይጨምር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ ኬላው ላይ ሾፌሩ ዞር ብሎ እጁን ይዘረጋል። የኮይምባቶሩ መንገድ በማራዩር በኩል ሲያልፍ እጅግ ያምራል፤ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ለሚያርፍ ሰው ግን አይሆንም፤ ኬላው ከተዘጋ እስኪነጋ መጠበቅ ነው።

ከኮቺ ወደ ላይ፦ አውቶብስ ከታክሲ ጋር ሲነጻጸር

አውቶብሱ ርካሽ ነው። የግዛቱ ትራንስፖርት ድርጅት ተራ አውቶብስ ከአሉቫ እስከ ሙናር በሰው ከ250 ሩፒ በታች ያስከፍላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ግን አይነሣም። መጀመሪያ ወደ አሉቫ ይሄዳሉ፤ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኮቺ ሜትሮ አገናኝ አውቶብስ አለ፤ ባጃጅና ታክሲም አለ። የአሉቫ መናኸሪያ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ስለሆነ በባቡር ለመጣም ሰው ይመቻል። ቀጥታ የሙናር አውቶብስ ካጡ ቆመው አይጠብቁ፤ ወደ ኮታማንጋላም፣ ከዚያ ወደ አዲማሊ፣ ከዚያ ወደ ሙናር እየቀያየሩ መሄድ ይቻላል፤ በዚህ መስመር የግል አውቶብሶችም ይበዛሉ።

የአውቶብሱ ጣጣ ሻንጣ ነው። ከታች የጭነት ሳጥን የሌላቸው ብዙ ናቸው፤ ትልቅ ሻንጣ ከሾፌሩ ጀርባ ወይም በእግር መሐል ይቀመጣል። ሌላው ጣጣ መውረጃው ነው። የሙናር የመንግሥት መናኸሪያ ያለው ከገበያው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ አሮጌ ሙናር በሚባለው ሰፈር ነው። ከዚያ ባጃጅ ያስፈልጋል፤ ሆቴሉ ከከተማ ውጭ ከሆነ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው፣ በትንሽ ቦርሳ፣ በቀን፣ ከተማው ውስጥ ለሚያድር አውቶብስ ይሻላል። ከዚያ ውጭ ያለው ሰው ያተረፈው ገንዘብ በመጨረሻዋ አጭር መንገድ ይበላበታል።

ታክሲ ለአንድ ጉዞ፣ በትንሽ የቤት መኪና፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 5,000 ሩፒ ይጠየቃል፤ በታኅሣሥና በበዓላት ሰሞን ይንራል። ሾፌሩ ባዶውን እንደሚመለስ ታስቦ የተቆረጠ ዋጋ ስለሆነ በድርድር ብዙ አይወርድም። ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ያለው ቅድመ ክፍያ መስኮት ነው፤ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ከሁሉም ይሻላል። ሁለተኛው ኡበር ነው። ኮቺ ላይ በደንብ ይሠራል፤ የሩቅ ጉዞም ይቀበላል፤ ሾፌሩ ግን መድረሻውን ከሰማ በኋላ ሊሰርዝ ወይም ከመተግበሪያው ውጭ ተጨማሪ ሊጠይቅ ይችላል። ሙናር ውስጥ ለመዞር ግን በኡበር አይተማመኑ። የአካባቢው ታክሲ ነጂዎች በመተግበሪያ የሚጠራ መኪና ከከተማቸው ሰው ሲጭን አይወዱም፤ ጭቅጭቁ ለተሳፋሪው ይተርፋል። ሦስተኛው በሆቴሉ በኩል ማስላክ ነው፤ ትንሽ ይወደዳል፤ ነገር ግን በረራ ቢዘገይ የሚጠብቅዎ ይህ ብቻ ነው።

መኪና ሲመርጡ ስለ ሻንጣው ማስቀመጫ ይጠይቁ። ብዙዎቹ ትናንሽ ታክሲዎች በጋዝ የሚሄዱ ስለሆኑ ሲሊንደሩ የኋላ ኪሱን ይይዘዋል፤ ሁለት ትላልቅ ሻንጣዎች አይገቡም። ሦስት ሰው ከነሙሉ ጓዙ ከሆነ ኢኖቫ የሚባለውን ትልቅ የቶዮታ መኪና ይያዙ፤ ስድስት ሰው ይይዛል ቢባልም ከሻንጣ ጋር አምስት ሲሆን ነው የሚመቸው። የታክሲ ታርጋ ቢጫ መደብ ላይ በጥቁር የተጻፈ ነው። ነጭ ታርጋ ይዞ «ታክሲ ነኝ» የሚል መኪና ፈቃድ የለውም፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ያከራክራል።

ራስን ችሎ መንዳትስ? ጥቁር መደብ ላይ በቢጫ የተጻፈ ታርጋ ያላቸው የኪራይ መኪኖች አሉ፤ ዋጋቸውም ያጓጓል። ነገር ግን ህንድ የሚነዳው በግራ ነው፤ እኛ በቀኝ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ይጠየቃል። በኔርያማንጋላም ድልድይ ካለፉ በኋላ መንገዱ ደን ውስጥ ገብቶ ይጠማዘዛል፤ አውቶብስ ከእጥፋቱ ወጥቶ መሐል መንገድ ይዞ ይመጣል። ግራውን ያልለመደ ሰው ይህን እዚህ ተራራ ላይ ባይጀምር ይሻላል። ሞተር ሳይክልም እንዲሁ፤ በጭጋግና በዝናብ ቀን ዋጋ ያስከፍላል።

መንገድ የሚያስመልሰው ሰው ካለ ኪኒኑን ኮታማንጋላም ሳይደርስ ይዋጥ፤ ሆድ ከተገለበጠ በኋላ አይረዳም። ከፊት ወንበር መቀመጥና በቺያፓራ ፏፏቴ አጠገብ አሥር ደቂቃ ወርዶ መተንፈስ ከኪኒኑ ባልተናነሰ ይጠቅማል።

ሆቴሉ የት ነው?

«ሙናር» ተብለው በኢንተርኔት ከሚሸጡት ሆቴሎች ብዙዎቹ ሙናር ከተማ ውስጥ አይደሉም። አናቻል ከከተማው በፊት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቺናካናል በተቃራኒው፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ነው። አናቻል አድሮ ከቺናካናል በላይ ባለው የኮሉኩማላይ የሻይ ልማት ላይ ፀሐይ ስትወጣ አያለሁ የሚል ሰው በጨለማ ተራራውን ያቋርጣል። የሚታየው ቦታ በሦስት አቅጣጫ የተበተነ ነው፦ በማቱፔቲና በኩንዳላ አድርጎ እስከ ቶፕ ስቴሽን የሚወጣው 32 ኪሎ ሜትር፤ ወደ ኤራቪኩላም ብሔራዊ ፓርክና ወደ ማራዩር የሚሄደው፤ በዴቪኩላምና በሎክሃርት አድርጎ ወደ ቺናካናልና ሱሪያኔሊ የሚወርደው። ሦስቱም በከተማው በኩል ስለሚገናኙ በአንድ ቀን ሁሉንም አሳያለሁ የሚል ሾፌር የሚያሳየው የመኪናውን መስኮት ነው። ለአንድ አቅጣጫ አንድ ቀን ወይም ግማሽ ቀን ይያዙ።

የኮቺውን ታክሲ ማቆየት ወይስ መልቀቅ?

ገንዘብ የሚተርፈውም የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ከኮቺ የያዙትን መኪና ለሦስት ቀን ካቆዩ የሚከፍሉት የቀን ኪራይ፣ የሾፌር የውሎ አበልና ከተወሰነው በላይ የሄደውን ኪሎ ሜትር ነው። በህንድ የረጅም ጉዞ ኪራይ ብዙ ጊዜ በቀን ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር ይቆረጥበታል፤ 250 የተለመደ ነው። ሙናር ዙሪያ በቀን ከ80 አያልፉም፤ ያልነዱትን መክፈል ይሆናል። ቆጠራውም ከጋራዥ ወጥቶ ጋራዥ እስኪገባ ነው እንጂ እርስዎ ከተሳፈሩበት አይደለም።

ከዚህም ሌላ የኮቺው መኪና የማይገባባቸው ቦታዎች አሉ። ኤራቪኩላም ላይ የግል መኪና ከበሩ ይቆምና በፓርኩ አውቶብስ ይወጣሉ። ኮሉኩማላይም በጂፕ ብቻ ነው። በእነዚህ ቀናት የተከራዩት መኪና ቆሞ ይቆጥራል።

ስለዚህ ከሙናር ተመልሰው ኮቺ ከሆነ የሚሄዱት፣ መኪናውን ለቀው ለየቀኑ የሙናር ታክሲ ይያዙ፤ የተለመደው ውል 8 ሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ጋር ነው። ከሙናር ወደ ቴካዲ፣ ከዚያ ወደ አላፑዛ ከቀጠሉ ግን ማቆየቱ ያዋጣል፤ ለየጉዞው የባዶ መመለሻ መክፈል ይቀርልዎታልና።

ባጃጅ፣ የጉብኝት አውቶብስ፣ ጂፕ

ባጃጁ ያው አገር ቤት የምናውቀው ነው፤ ሦስት ሰው ይጭናል። ለናላታኒ የሻይ ሙዚየም፣ ከከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር ለሚርቀው፣ ከእሱ የተሻለ የለም። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው። ለፖታሜዱ መመልከቻም ይሆናል። ቶፕ ስቴሽን ድረስ ግን አይያዙት፤ ዳገቱ ላይ ይንፏቀቃል፤ በብርድና በጭጋግ ቀን ጎኑ ክፍት ነው። የባጃጅ ነጂዎች የፎቶ ቦታ ብለው የሚዘረዝሩት ብዙው የመንገድ ዳር መቆሚያ ነው፤ በቦታ ብዛት ሳይሆን በሰዓት ይደራደሩ።

የግዛቱ ድርጅት ከሙናር የሚያስነሣው የጉብኝት አውቶብስ ለብቸኛ ተጓዥ ከሁሉም ርካሽ ነው። የማይመቸው ሻዩ መሐል በፈለጉበት ማቆም አለመቻሉ ነው፤ ለፎቶ የመጣ ሰው ይበሳጫል።

ጂፕ የሚያስፈልገው ለኮሉኩማላይ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ የሻይ ልማት ነው። ቦታው በታሚል ናዱ ግዛት ቢሆንም የመኪና መንገዱ ከኬረላ፣ ከሱሪያኔሊ ነው የሚወጣው። መንገዱ ድንጋይና ጉድጓድ ነው፤ ወገብ የሚያመው ሰው ወይም ነፍሰ ጡር አትሞክረው። ዋጋው በጂፕ እንጂ በሰው አይደለም፤ እስከ ስድስት ሰው ይጭናል፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ ሆቴሉን የሚያጋራ ሰው እንዲፈልግ ይጠይቁት። የመግቢያ ክፍያው ለብቻ ሊሆን ስለሚችል ቀድመው ያጣሩ። ለፀሐይ መውጫ ጂፑ የሚነሣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ህንዱ በመልእክት የሚጽፍልዎ «4» ብሎ ነው። ሌሊት ወይስ ቀን እንደሆነ ሳያረጋግጡ አይተኙ። ማታውን ሱሪያኔሊ ወይም ቺናካናል ማደር ይሻላል።

ልማቱ ውስጥ ያለው የውስጥ መንገድ የግል ነው። ሾፌር አቋርጬ አስገባዎታለሁ ቢል እንኳ ዘበኛ ይመልሳል። እሁድ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል አይለቀምም፤ ለቃሚዎችን ማየት የፈለገ በሥራ ቀን ጠዋት ይውጣ።

መኪናው ቢኖርም መንገዱ የማይኖርበት ጊዜ

ከሰኔ እስከ መስከረም ዋናው ዝናብ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ኅዳርም ሌላ ይከተላል። በሎክሃርት በኩል ያለው መንገድ ላይ መሬት ይንሸራተታል፤ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ አስተዳደሩ የሌሊት ጉዞ ይከለክላል። በዚህ ወቅት ከበረራው በፊት ያለችውን ሌሊት ሙናር አያድሩ፤ ኮቺ ወይም አሉቫ ወርደው ይደሩ። ኤራቪኩላም ደግሞ ከየካቲት መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ ገደማ በፈረንጆቹ ወር፣ የኒልጊሪ ታር የተባሉት የተራራ ፍየሎች ስለሚወልዱ ይዘጋል። ለእሱ ብለው የሚመጡ ከሆነ ቀኑን ያጣሩ። በቺናካናልና በማቱፔቲ መንገድ ማታ የዱር ዝሆን ይወጣል። ሾፌር መብራት አጥፍቶ ቢቆም አያስቸኩሉት፣ ጥሩንባም እንዲነፋ አያዙት።

ቀብድ ከመላክዎ በፊት ለሾፌሩ እነዚህን በጽሑፍ ይላኩ፤ በጽሑፍ ይመልስ፦ ዋጋው የመንገድ ክፍያ፣ ፓርኪንግና የድንበር ፈቃድ ይጨምራል? የሾፌሩ አበልና ማደሪያ በማን ነው? የቀን ገደቡ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ትርፉስ በኪሎ ሜትር ስንት? ዳገት ላይ ኤሲ ይከፈታል? ብዙዎቹ ሞተሩ እንዳይደክም ብለው ያጠፉታል። በረራ ቢዘገይ ስንት ሰዓት በነጻ ይጠብቃል? ቀሪውን ክፍያ በጥሬ ሩፒ ያዘጋጁ፤ ሾፌሮቹ የለመዱት የአገሩን የስልክ ክፍያ ነው፤ የውጭ ባንክ ካርድ መቀበያ መኪና ውስጥ አይኖርም።