ዘሩን ወይስ ሥራውን?

የካርቱን ሰዓሊ ፖለቲከኛን ሲተች ምኑን ያጋን፦ ዘሩን ወይስ ሥራውን? ሁለቱም ምርጫ በአሜሪካዊው የካርቱን ሰዓሊ ቶማስ ናስት እጅ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1871 የኒውዮርኩን ፖለቲከኛ ዊሊያም ትዊድን ሲስለው በጭንቅላቱ ቦታ የገንዘብ ከረጢት አስቀመጠ። ፊት የለም፤ የዶላር ምልክት ብቻ። ክሱ ግልጽ ነው፦ ሌብነት። በ1867 ግን አየርላንዳውያንን ዝንጀሮ አስመስሎ ሳላቸው። ይሄ ስድብ ነው።

ቅለት፦ ዘርን መሳል ይቀላል። ሥራን ለመሳል ጉዳዩን ማጥናት ግድ ነው።

አደጋ፦ የዘር ሥዕል ምንም ያላደረገውንም ሰው ሰይጣን ያደርገዋል። የሥራ ሥዕል የሚነካው አድራጊውን ነው፤ ከተሳሳተም በማስረጃ ይስተባበላል።

መልክ ማጋነን የሚያስኬደው መልኩ የግለሰቡ ብቻ ሲሆን ነው። መልአክና ሰይጣን ብሎ መክፈልም በዳይና ተበዳይ በግልጽ ሲለዩ ይሠራል። የሁለቱም ወገን እጅ ያለበት ጠብ ላይ ግን ሥራ ሥራውን መሳል ይሻላል።