ሌሊቱን ሙሉ ሲደበደብ ያደረው ፕሮሰሰር ቴሌግራም ስከፍት ወደቀ (ራይዘን 7 5800ኤክስ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ)

የሙሽራዋ እህት ከጎኔ ቁጭ ብላ ለአልበም የሚሆኑ ፎቶዎች እየመረጠች ነበር፣ እኔ ደሞ ቴሌግራም ልከፍት ክሊክ አደረኩ፣ በቃ ጥቁር። ብሉ ስክሪን እንኳን የለም፣ ጭልም ብሎ ራሱ ተነሳ። "መብራት ሄደ እንዴ?" አለችኝ። ቬንትሌተሩ እላያችን ላይ እየዞረ ነው። "ብልጭ ብሎ ነው" አልኳት፣ ምን ልበላት፣ ማታውን ስድስት ሰዓት ሙሉ ፕራይም 95 የሚባለው የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም ሲደበድበው አድሮ አንድም ስህተት ያላሳየ ማሽን ነው እኮ!

ነገሩ የጀመረው በሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩን ኅዳር ላይ ስገዛው ባለሱቁ "አቦ አታካብድ፣ ተፈትኖ ነው የመጣው" አለኝ፣ እውነትም ቤት ወስጄ ሲነቤንች የሚባለውን ሌላ መፈተኛ ግማሽ ሰዓት ሳስሮጠው 82 ዲግሪ ላይ ቆመ፣ ማታ ነበር፣ ነፋሻማ ነበር፣ እሰየው ብዬ ተኛሁ። እስከ ሚያዝያ ድረስ የማወራው የለኝም፣ ሰርግ ኤዲት አደረኩበት፣ ሠራ። ግንቦት ገባ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል ለድሬ ልጅ አይነገረውም፣ ሰፈሩ በርጫ ላይ ነው፣ እኔ ሬንደር ላይ ነኝ፣ ክፍሉ ብቻውን 35 ዲግሪ ነው። ያንኑ ሲነቤንች ስለቀው 90 ደርሶ ፍጥነቱን መቀነስ ጀመረ።

90 ማለት አምራቹ ኤኤምዲ ለዚህ ቺፕ ያስቀመጠለት ጣሪያ ነው፣ እዛ ሲደርስ ራሱን ያዘገያል እንጂ አይቃጠልም። ስምንቱም ኮር፣ ሥራውን የሚከፋፈሉት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች ማለት ነው፣ 80 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ በሆነች አንዲት ቁራጭ ላይ ነው የተጠቀጠቁት፣ ሳጥኑ ላይ 105 ዋት ይላል እንጂ ጭነት ላይ እስከ 142 ይስባል፣ ይሄ ሁሉ ከዛች ጥፍር ከምታህል ነገር ነው የሚወጣው። ዩቲዩብ ላይ "አሪፍ ነው 75 ላይ ይሠራል" የሚሉት ሰዎች ክፍላቸው 21 ዲግሪ ነው፣ የኛ 35፣ ልዩነቱን ቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ደምሩት። ይሄን ለባለሱቁ ስነግረው "እንግዲያው የውሃውን ኩለር ውሰድ" ይለኛል። ወንድሜ፣ ውሃውስ በምንድነው የሚቀዘቅዘው? በዚሁ በኔ ክፍል አየር አይደል እንዴ?

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ገብቼ ኢኮ ሞድ የሚባለው ኃይል መቆጠቢያ ላይ አደረኩት፣ ከ142 ዋት ወደ 88 ወረደ። በጠራራ ፀሐይ 71 ዲግሪ፣ አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሬንደር ደሞ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። አምስት ደቂቃ! እዚህ ላይ እጄን ሰብስቤ ብቀመጥ ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ግን ሰው አይጠግብም፣ ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚባለውን የየኮሩን ቮልቴጅ ማስተካከያ አየሁና ቮልቴጁንም ልቀንስለት ብዬ ሁሉንም ኮር ኔጋቲቭ 30 አደረኩት፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቮልቴጁ ይበልጥ ይቀንሳል። ፕራይም 95 አለፈ። ሲነቤንች አለፈ። ከዛ ቴሌግራም ጣለው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መብራትን ሰደብኩ። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ያገለገለ ዩፒኤስ ገዛሁ፣ ያው ጠፋ። ራም ነቅዬ አንድ በአንድ ሞከርኩ፣ ያው። በመጨረሻ ኢቨንት ቪውወር የሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ስገባ ዊያ ሎገር ቁጥር 18 የሚል የሃርድዌር ስህተት ቀይ መስመር በየመጥፊያው ሰዓት ተደርድሮ አገኘሁ፣ ችግሩ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ላይ ነው ይላል። ኮርሳይክለር የሚባል ነገር አውርጄ ኮሮቹን ተራ በተራ ብቻ ለብቻ ፈተንኳቸው፣ አንደኛው አራት ደቂቃ አልቆየም፣ ከ0.4 ማነስ የነበረበት የስሌት ስህተት 0.5 ሆነ ብሎ ቆመ። ሌሊቱን ያደረው ኮር ነው ይሄ!

ነገሩ ሲገባኝ በራሴ ሳቅሁ። ስምንቱም አብረው ሲለፉ ዋቱ ስለማይበቃቸው ማንኛቸውም ጫፍ አይደርሱም፣ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ያነሰው ቮልቴጅ ይበቃቸዋል። ቴሌግራም ስትከፍት ግን አንዱ ኮር ብቻውን ወደ 4.8 ጊጋኸርዝ ይወረወራል፣ እኔ የቀማሁት ቮልቴጅ የሚያስፈልገው እዛች ቅጽበት ላይ ነው። የሚወድቁት ደሞ ጎበዝ የተባሉት ኮሮች ናቸው፣ ራይዘን ማስተር የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮግራም ኮከብ ያደረገባቸው፣ ፋብሪካው ቀድሞውኑ ለጫፉ አስጠግቷቸዋል፣ ሌላ የምትቀንስላቸው የለም። ጎበዝ የተባሉትን ሁለቱን ኔጋቲቭ 5፣ የቀሩትን ኔጋቲቭ 20 አደረኩ። ሰባተኛ ሳምንቱ ነው፣ አንድ ቀን አልጠፋም።

እና ይሄ ቺፕ ይግላል፣ አይገዛም የምትሉኝ፣ እኔ ዛሬም እገዛዋለሁ። ጥፋቱ "ፈተናውን ካለፈ አለቀ" ብዬ ያመንኩት የኔ ነው። የአሸዋው ብናኝ የኮምፒውተሩን የአየር ፊልተር በየሁለት ሳምንቱ ይደፍነዋል እንጂ ቺፗ ምንም አላደረገችኝም። የሙሽራዋ አልበምም ወጥቷል። ዩፒኤሱን እማዬ ወስዳ ዋይፋዩ ላይ ሰክታዋለች፣ አሁን ለኔ ልመልስልህ ብትለኝም አልቀበላትም፣ መብራት ሲሄድ ሰፈሩ በሙሉ ዋይፋይ ፍለጋ የሚመጣው እኛ በር ላይ ነው።